በወርቅ ምድር ያለ ወርቅ መጋባት

ለመጋባት ያሰቡ ጥንዶች መጀመሪያ የሚጋጩት ብዙ ጊዜ በፍቅር ሳይሆን በሒሳብ ነው። አንደኛው «ቀለል እናድርገው፤ ተፈራርመን ቤተሰብ ምሳ እንጋብዝና በተረፈው ቤት እንያዝ» ይላል። ሌላኛዋ «ሰርግ እኮ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ሰውስ ምን ይለናል?» ትላለች። ወይም በተገላቢጦሽ። ሰርጉ ቢያልፍም ክርክሩ አያልፍም። ወደ ሶፋው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ ልጅ ልደት ይዞራል። እኛም ነገሩን የባሕርይ ጉዳይ አድርገን እንዘጋዋለን፦ እሱ ቋጣሪ ነው፣ እሷ ዕቃ ትወዳለች፣ በቃ አልተገጣጠሙም።

ግን ይህ ክርክር ከሁለት ሰው ባሕርይ በጣም የሚበልጥ ታሪክ አለው። ታሪኩን ለማየት ደግሞ የጣት ቀለበቱ ወርቅ ወደሚወጣበት አገር፣ ወደ አሶሳና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ መሄድ ይሻላል። እዚያ ሁለት ዓይነት ትዳር ጎን ለጎን ኖሯል። በአንደኛው ሁሉም ነገር፣ ሰው ጭምር፣ ዋጋ ነበረው። በሌላኛው ደግሞ ሚስት በገበያ በሚሸጥና በሚገዛ ነገር አትገኝም ተብሎ በር ተዘግቶ ነበር።

ከአሶሳ እስከ ሸጎሌ

የቤኒሻንጉል ወርቅ ስሙ የተሰማው ዛሬ አይደለም። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ሱዳንን ለመውረር ጦር ሲያዘምት ከልቡ የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፦ ወርቅና ባሪያ። ጦሩ በዓባይ ዳር እየወጣ የዛሬው ቤኒሻንጉል አፋፍ ድረስ ደረሰ። ወርቁ እንደታሰበው አልተዝቆ አልተገኘም። ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ፣ ሰባኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ ራሱ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ፋዞግሊ ወርዶ አይቶታል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ኮቫሌቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የማዕድን መሐንዲስ አስመጥቶ የወርቅ ማጠቢያ እንዲያቋቁም አደረገ።

በዚያው ክፍለ ዘመን ከሱዳን በኩል የመጡ ዓረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ከአካባቢው የበርታ ቤተሰቦች ጋር እየተጋቡ የገዢ መደብ መሠረቱ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ጋብቻ የሥልጣን መግቢያ በር ነበር። ነጋዴው ዕቃውን፣ ጠመንጃውንና የንግድ መስመሩን ይዞ ይመጣል፤ የሚስቱ ወገን መሬቱንና ሕዝቡን ያመጣል። ከዚህ ዓይነት ጋብቻ የተወለዱት ሼሆች አሶሳን፣ ቤላ ሻንጉልንና ሖሞሻን ተከፋፍለው ገዙ።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር አካባቢውን ለዐፄ ምኒልክ አስገበረ። ከሼሆቹ መካከል ዘመኑን በደንብ አንብቦ የተጠቀመው የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነው። ወርቅ ለቤተ መንግሥት ገበረ፣ በምላሹም ግዛቱን አጸና፣ አዲስ አበባ ላይም ትልቅ ቤት ሠራ። የሸጎሌ ሰፈር ስም ከእሱ ስም የመጣ ነው ይባላል፤ ሼህ ኾጀሌ፣ ሼህ ኦጀሌ፣ ሸጎሌ እየተባለ። ዛሬ «ሸጎሌ ወራጅ አለ» የሚል ሁሉ ሳያውቀው የአሶሳን ባላባት ስም ይጠራል።

ሼሁ ቤተ መንግሥቱን ደጅ ሲጠና፣ ሚስቱ ሲት አምና በሱዳን ጠረፍ ላይ ሌላ ቤት አቁማ ነበር። የእሷ ሥራ የባሪያ ንግድ ነው። ከኮሞ፣ ከማኦ፣ ከጉሙዝ፣ ከተራውም የበርታ ሕዝብ የተያዙ ሰዎች በእሷ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ነገር ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ የጠረፉ ንግድ ግን አልቆመም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ሱዳንን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ሲት አምናን ሲይዟት ነው ጉዳዩ በይፋ የወጣው።

ባልና ሚስቱ በቦታም በሥራም ተቃራኒ ነበሩ፤ እሱ ዋና ከተማ፣ እሷ ድንበር፤ እሱ ወርቅ፣ እሷ ሰው። ትዳሩ ግን እንደ አንድ ድርጅት ይሠራ ነበር። የአዲስ አበባው ክብር፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ የእንግዳ አቀባበሉ ሁሉ ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያ ቆላ ውስጥ፣ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ላይ ነበር።

ዋጋ ያልተቆረጠለት ጋብቻ

ከአሶሳ ዓባይን ተሻግረን ወደ መተከል፣ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ካማሺ ስንሄድ የጉሙዝን ሕዝብ እናገኛለን። ማሽላ የሚያመርት፣ መሬቱን እያሳረፈ የእርሻ ቦታ የሚቀያይር፣ የሚያድን፣ ማር የሚቆርጥ ሕዝብ ነው። በእርሻው ላይ ዋናው መሣሪያ በሬ ሳይሆን ዶማና መቆፈሪያ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበረው ንብረት በጣት ይቆጠራል፦ ቅል፣ እንስራ፣ ወፍጮ ድንጋይ፣ ቀስት።

ደገኛው ይህን አይቶ «ኋላ ቀር» አለው፤ ከዚያም የባሰ ስም አወጣለት። ከጎጃምም ከሼሆቹም በኩል ባሪያ ፈንጋይ የሚዘምትበት ሕዝብ ስለነበር ንቀቱ ለዘረፋው ማስተባበያ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ የጉሙዝን የጋብቻ ሥርዓት በዚህ ታሪክ መሐል አስቀምጠን እንየው።

ሥርዓቱ የእህት ልውውጥ ነው። አንድ ወንድ ሚስት ሲያገባ በምላሹ እህቱን፣ እህት ከሌለው የወገኑን ልጅ፣ ለሚስቱ ወንድም ወይም ዘመድ ይሰጣል። ከብት አይነዳም፣ ብር አይቆጠርም፣ ወርቅ አይታሰርም። ሁለቱ ትዳሮች እንደ መንትያ ይተሳሰራሉ፤ አንደኛው ሲናጋ ሌላኛውም ይናጋል። እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብ ምሁር ዌንዲ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1975 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት ላይ ስለዚሁ ሥርዓት በሰፊው ጽፈዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ሰው በሚሸጥበት አገር ላይ «ሴት ልጅ በገንዘብ አትሰጥም» የሚል ሕግ ምን ማለት ነው? ከደጋ ወይም ከሱዳን የመጣ ነጋዴ የፈለገውን ያህል ጨው፣ ጨርቅና ማርትሬዛ ቢያመጣ ጉሙዝ ቤት ገብቶ አማች መሆን አይችልም፤ የሚለውጠው እህት ይዞ አልመጣማ! በአሶሳ በኩል ነጋዴው የገባበት በር ይኸው ጋብቻ ነበር፤ እዚህ በሩ ተዘግቷል። የራሳቸው ሰውም ቢሆን ገንዘብ አጠራቅሞ ሦስት አራት ሚስት በመሰብሰብ ከጎረቤቱ በላይ ጌታ ሊሆን አይችልም። ሀብት ወደ ሰው የሚለወጥበት መንገድ ተቆርጧል።

ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንሳሌዝ ሩይባል በዚህ ጠረፍ ስላሉ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ሲተረጎም «የእምቢተኝነት አርኪዮሎጂ» እንደማለት ነው። የእነዚህ ሕዝቦች የዕቃ ጥቂትነት የማጣት ምልክት ብቻ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እንዳይጫን፣ መንግሥትም እንዳይውጣቸው የያዙት አቋም ነው የሚል ሐሳብ ያራምዳሉ። ይህን ስንቀበል ቀላል ኑሮ ሌላ መልክ ይይዛል። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደምናየው ነጭ ግድግዳ፣ አንድ አበባና ሦስት ኩባያ ማለት አይደለም። «ይህቺ ነገር ገበያ አትወጣም» ብሎ መስመር ማስመርና መስመሩን በጋራ መጠበቅ ነው።

እኛ ደገኞቹስ? የጋብቻ ውላችንን እስከ ዛሬ «ሰማንያ» እንለዋለን። ስሙ ራሱ ቁጥር ነው።

ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ?

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይል ነበር፤ የወርቅ ቤተ መንግሥት ክፉ፣ የማሽላ ጎጆ ደግ። ታሪኩ ግን እንዲህ አያልቅም።

ያ የተዘጋ በር የተሠራው ከምን ነበር? ከሴት ልጆች ነው። ወንድሟ ማግባት ስለፈለገ የምትሰጠው እሷ ናት። የምትሰጥበትን ቀንም ሆነ ሰው የምትመርጠው እሷ አይደለችም። ባሏን ጠልታ ብትሸሽ የወንድሟ ትዳር ይፈርሳል፤ ስለዚህ የገዛ ቤተሰቧ ነው መልሶ የሚያስገባት። ወንድ ልጅም ቢሆን እህት ከሌለው ችግር ውስጥ ነው። ጠልፎ የወሰደ፣ ምላሽ ያልሰጠ፣ ቃል ያጠፈ ሰው ነገሩን ወደ ደም ያደርሰዋል፤ ከዚያ የሁለት ሰው ጠብ የሁለት ወገን ጠብ ይሆናል።

የዕለት ኑሮውም እንዲሁ ነው። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ አግድም በምትጭነው እንጨት በሁለቱም ጫፍ ሸክም አንጠልጥላ ስትሄድ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችን አይተናል። ውኃው፣ ማገዶው፣ እህሉ በዚያ እንጨት ላይ ነው የሚጓዘው። ወፍጮ ቤት በሌለበት ቀላል ኑሮ ማለት ለእሷ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ መፍጨት ነው። ዕቃ የሌለበት ቤት የሚቆመው በአንድ ሰው ጉልበት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት።

ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ትዳሮች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። የሼሁና የሲት አምና ቤት ቅንጦቱን ሌሎች እንዲከፍሉለት አደረገ። የጉሙዙ ሥርዓት ደግሞ ነፃነቱንና እኩልነቱን እህቶች እንዲከፍሉለት አደረገ። ክፋታቸው እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ አንደኛው ሰው ይሸጥ ነበር፣ ሌላኛው እንዳይሸጥ ይከላከል ነበር። ነገር ግን በሁለቱም ቤት ሒሳቡን የከፈለው ሰው ስለ ሒሳቡ አልተጠየቀም።

ገንዘቡ ሲገባ

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በሕግ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በሩን የሚገፋው ሌላ ኃይል ሆነ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በድርቅ የተጎዱ ሰዎችን ወደ አሶሳና ወደ መተከል አሰፈረ፤ ፓዌ አካባቢ ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ቦታ እየቀያየረ የሚያርሰው ጉሙዝ የሚያሳርፈው መሬት ጠበበው። መንገድ መጣ፣ ገበያ መጣ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መጣ። በኋላም ሰፋፊ እርሻዎችና ጉባ ላይ የተሠራው ግድብ መጡ። በወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥበው ሰው በእጁ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ጀመረ።

የእህት ልውውጡም እየላላ ሄዷል። አንዳንድ ቦታ በእህት ፋንታ ገንዘብ ወይም ከብት ይሰጣል። በአንድ በኩል እፎይታ ነው፤ ወንድሟ ማግባት ስለፈለገ ብቻ የምትሰጥ ልጅ ቁጥር ይቀንሳል፣ እህት የሌለውም ወንድ ቤት ይመሠርታል። በሌላ በኩል ያ ትልቅ ጥንቃቄ የተደረገበት መስመር ተሻግሯል፦ ልጅቷ አሁን ዋጋ አላት። ዋጋ ካለ ደግሞ ውድና ርካሽ አለ፣ ያለውና የሌለው አለ፣ «የእገሌ ልጅ በስንት ሄደች» የሚል ወሬ አለ። እኛ ከተሜዎቹ ደህና አድርገን የምናውቀው ወሬ ነው፤ እኛ ዘንድ መለኪያው የመኪናው ሰልፍና የአዳራሹ ስም ሆነ እንጂ።

ከልውውጥ ወደ ዋጋ መሄድ ግን በራሱ ወደ ነፃነት መሄድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ልውውጡንም ሽያጩንም አንድ ላይ ነው የሚቃወመው። እህቱን ለሰጠውም ከብት ለነዳውም ወንድ ጥያቄው አንድ ነው፦ እሷን ጠይቀሃታል?

ጥያቄው ከተማ ውስጥም አይቀርልንም። ከላይ ያነሳናቸው ጥንዶች «እኔ ቀላል ኑሮ ነው የምወደው» እና «እኔ ሰው ፊት ማፈር አልፈልግም» ሲባባሉ የሚከራከሩት ስለ መጠን ነው፤ ስንት ግራም፣ ስንት ሰው፣ ስንት ብር። ከወርቁ ምድር ታሪክ የምንማረው ከመጠኑ በፊት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ነው። ደመቅ ያለ ሰርግ ደግሰው ዕዳውን ለሚስት ወላጆች የሚያስታቅፉ አሉ። «ዕቃ አልወድም» እያለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳይገዛ የሚከላከል፣ ልብሱን ግን አንድ ቀን በእጁ አጥቦ የማያውቅ ባልም አለ። ቁጠባው የሱ፣ ቁስሉ የሷ። የእሱ ቀላል ኑሮ ከሚስቱ ወገብ ላይ የተቆረጠ ነው።

ቆጣቢና ገዢ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ብዙ ደህና ትዳር እንደዚያ ነው የቆመው። የማይቻለው አንዱ ሲመርጥ ሌላው እየከፈለ መኖር ነው። የጉሙዝ ሽማግሌዎች ገበያው እንዳይገባበት የሚጠበቅ አንድ ነገር በትዳር ውስጥ መኖር አለበት ብለው ማሰባቸው ትክክል ነበር። መስመሩ ሲሰመር ግን እህቶቻቸው አልተቀመጡም። እኛ ልናሻሽለው የምንችለው ይህንኑ ነው፤ መስመሩን ሁለቱም ተቀምጠው እንዲያሰምሩት።