ሠ

ሠ (ንጉሡ ሠ፤ በግዕዝ ስሙ ሠውት) በ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ አምስተኛው የግዕዝ ፊደል ነው። በዛሬው አማርኛ ድምፁ ከሰባተኛው ፊደል ከሰ (እሳቱ ሰ) ጋር አንድ ነው። እንዲህ በድምፅ አንድ፣ በመልክ ልዩ ልዩ የሆኑ ፊደላት ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ፤ ሀ ሐ ኀ፣ አ ዐ እና ጸ ፀ ሌሎቹ ናቸው። ሠ «ንጉሡ» የተባለው «ንጉሥ» የሚለው ቃል ስለሚጻፍበት፣ ሰ ደግሞ «እሳቱ» የተባለው «እሳት» ስለሚጻፍበት ነው። ሁለቱን ጆሮ ስለማይለያቸው፣ የትኛው የት እንደሚገባ የሚታወቀው ከቃሉ ሥር ነው።

ቅርጽ

ሠ ወደ ላይ የቆሙ ሦስት ጣቶች ከታች የተያያዙበት ፊደል ነው። በራብዑ (ሣ) ከመካከል ወደ ታች እግር ይወርድለታል፤ ያን ጊዜ እጀታ ያለው መንሽ ይመስላል። ሣልሱ (ሢ) በእግሩ ጫፍ ጭረት፣ ኃምሱ (ሤ) ቀለበት ይጨምራል። ከሰባቱ ቤቶች ሌላ ሧ የሚባል ዲቃላ አለው።

ታሪክ

በጥንታዊ ግዕዝ ሠ እና ሰ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ የመጡትም ከሁለት የተለያዩ የደቡብ ዐረብ ፊደላት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተቀረጹት የንጉሥ ዒዛና የግዕዝ ጽሑፎች ልዩነታቸው ተጠብቆ ይታያል። ኋላ ድምፆቹ ሲዋሐዱ የብራና ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ጀመሩ። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) የቃላቱን ሥር ተከትለው ፊደላቱን ለይተው ይጽፋሉ።

አማርጦ መጻፍ

በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ሲቆጥር መጀመሪያ የሚማረው ማንበብ ነው፤ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው። ስለዚህ ሠን ለይቶ ያነበበ ሁሉ በቦታው ይጽፈዋል ማለት አይደለም። ለመለየት የሚረዳው የቃላትን ቤተሰብ አብሮ ማጥናት ነው፦

- ነግሠ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መንግሥት
- ሠራ፣ ሥራ፣ ሠራተኛ
- ሠለሰ፣ ሦስት፣ ሠላሳ፣ ሣልስ፣ ሥላሴ

ቁጥሮችም ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ሦስት፣ ዐሥር እና ሠላሳ በሠ ሲጻፉ ስድስት፣ ሰባት እና ስምንት በሰ ይጻፋሉ። የፊደል ቤቶች ስምም ይህንኑ ይከተላል፦ ሣልስ በሠ፣ ሳድስ እና ሳብዕ በሰ።

ፊደሉ ሲቀየር ትርጉም የሚቀየርበት ቃልም አለ። በግዕዝ «ሠረቀ ፀሐይ» ማለት «ፀሐይ ወጣ» ነው፤ «ምሥራቅ» የመጣውም ከዚሁ ሥር ነው። «ሰረቀ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ፀሐይን ሌባ ያደርገዋል። እንዲሁም «ሥዕል» ከሠዐለ (ሣለ)፣ «ስእለት» ከሰአለ (ለመነ) የመጡ ናቸው።

በሰሜን ሸዋ ስሞች

ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ከአንኮበር የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስሙ ከነማዕረጉ ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ይሆናል። «ንጉሥ» በሥ ያበቃል፤ «ሣህል» (ይቅርታ) በሣ ይጀምራል፤ «ሥላሴ» ደግሞ በሥ ጀምሮ በእሳቱ ሴ ይጨርሳል። በሦስት ቃላት ውስጥ ሠ ሦስት ጊዜ፣ ሰ አንድ ጊዜ ገብተዋል። በደብረ ብርሃን የሚገኘው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስምም ሁለቱን ፊደላት በአንድ ቃል ይዟል።

ከቻይና ጽሕፈት ጋር ሲነጻጸር

የቻይንኛ ተማሪም ተመሳሳይ ፈተና አለበት። «እሱ»፣ «እሷ» እና ግዑዝ ነገርን የሚተካው ተውላጠ ስም ሦስቱም በአንድ ቃና «ታ» ተብለው ይነገራሉ፤ ሲጻፉ ግን ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ልዩነቱ የቻይና ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም ሲይዝ፣ ሠ ብቻውን የሚይዘው ድምፅ መሆኑ ነው። ትርጉሙ ያለው በቃሉ ሥር ውስጥ ነው።

በኮምፒዩተር

የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲገቡ ሠ ቁጥር 1220ን፣ ሰ ቁጥር 1230ን (በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር) አገኙ። ስለዚህ ለኮምፒዩተር «ንጉሥ» እና «ንጉስ» ሁለት ቃላት ናቸው። በትምህርት ማስረጃው ላይ «ሥዩም»፣ በመታወቂያው ላይ «ስዩም» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በመረጃ ቋት ውስጥ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመከላከል ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ይለውጣሉ። ለውጡ በፍለጋው ላይ ብቻ ሲደረግ የተጻፈው እንዳለ ይቆያል፤ በዋናው ጽሑፍ ላይ ሲደረግ ግን የ«ሠረቀ» እና የ«ሰረቀ» ልዩነት ይጠፋል፣ ተመልሶም አይገኝም።

ክርክር

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ድምፁ አንድ ከሆነ ተማሪን በሁለት ፊደል ማድከም አያስፈልግም፣ ሰዉም ቢሆን እያቀላቀለ ይጽፋል ይላሉ። ይቆዩ የሚሉት ደግሞ ፊደሉ ሲጠፋ የቃሉ ዘር እና ከግዕዝ መጻሕፍት ጋር ያለው ግንኙነት አብሮ ይጠፋል ብለው ይከራከራሉ። በዛሬ ጽሑፎች ሁለቱም አጻጻፎች ይገኛሉ።