የተፋቀው ጋብቻ፤ ቅር የተሰኘ አንባቢ ስለሚጽፈው ታሪክ

አንድ ተወዳጅ ታሪክ በሕግ ባለቤቱ በሆነው አሳታሚ እጅ ሲበላሽ አንባቢው ዝም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? በዚህ አጭር ጥናት ጥያቄውን የምንመረምረው የአሜሪካው ማርቭል ኩባንያ በሚያሳትመው በስፓይደርማን የሥዕል ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 የፈጠሩት ይህ ጀግና፤ በእውነተኛ ስሙ ፒተር ፓርከር፤ በአጎቱና በአክስቱ በሜይ ቤት ያደገ ወጣት ነው። የታሪኩም ምሰሶ፤ ኃይል ያለው ሰው ኃላፊነት አለበት የሚለው ትምህርት ነው። ፒተር በ1987 ሜሪ ጄን ዋትሰንን አገባ፤ ጋብቻውም ሃያ ዓመት ቈየ። ይሁን እንጂ ዋናው አዘጋጅ ጆ ኬሳዳ፤ ትዳር ጀግናውን ያስረጀዋል፤ የታሪኩንም መንገድ ያጠብበዋል የሚል አሳብ ነበረው። ስለዚህ በ2007 መውጣት በጀመረው ባለ አራት ክፍል ታሪክ፤ አክስቱ በጥይት ተመትታ ለሞት ስትቃረብ፤ ሜፊስቶ የተባለው ሰይጣን ሕይወቷን ሊያተርፍ፤ በዋጋውም የሁለቱን ጋብቻ ሊወስድ ከባልና ሚስቱ ጋር ተዋዋለ። ጋብቻውም እንዳልነበረ ሆነ። ደራሲው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ራሱ በፍጻሜው አለመስማማቱን በይፋ ተናግሯል።

አንባቢዎች ቅር የተሰኙት ታሪኩ ስላሳዘናቸው ብቻ አይመስለንም። በ1973 የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ስትሞትም ብዙዎች አዝነው ነበር፤ ነገር ግን ሞቷ በታሪኩ ውስጥ እንደ ጠባሳ ጸንቶ ቀረ። በ2007 ግን ሃያ ዓመት ያነበቡት ትዳር ተፋቀ፤ ኃላፊነትን የተማረውም ሰው ሐዘኑን በሰይጣን ውል አመለጠ።

ከአንባቢዎቹ አንዳንዶቹ መልስ የሰጡት በብዕር ነው። አንባቢ የሌላውን ደራሲ ገጸ ባሕርያት ወስዶ የሚጽፈው ልብ ወለድ፤ ፋን ፊክሽን የሚባለው፤ ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የስታር ትሬክ ወዳጆች በ1967 ስፖካናሊያ የተባለ የራሳቸውን መጽሔት ማውጣት ጀምረው ነበር። በስፓይደርማን ረገድ ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ውሉን ጨርሶ ትቶ ትዳሩን ይቀጥላል። ሁለተኛው ውሉን ተቀብሎ ባልና ሚስቱ ትዝታቸውን ፈልገው እንዲያገኙ ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ ፒተር ሰይጣኑን እምቢ ብሎ አክስቱን በእንባ እንዲሰናበት ያደርጋል።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ይመረመር ዘንድ ይገባዋል። ፋን ፊክሽን ምኞትን ማርኪያ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ከኩባንያው ይልቅ መራራውን ፍጻሜ መርጧል። የጠየቀው ደስታን ሳይሆን፤ ድርጊት ከጠባይ እንዲመነጭ፤ ያለፈውም ነገር ያለፈ ሆኖ እንዲከበር ነው። ይህም የሥነ ጽሑፍ ሒስ ነው።

ማርቭል ራሱ በ2015 ትዳሩ ያልፈረሰበትን ሌላ ዓለም የሚተርክ ተከታታይ መጽሔት አወጣ። የአንባቢዎቹ ድርሰት ይህን አስገኘ ለማለት አንደፍርም፤ የታሪኩም ባለቤትነት እንደ ቀድሞው የኩባንያው ነው። ሆኖም የአንድን ታሪክ ዕድሜ የሚያጠና ተመራማሪ የአሳታሚውን ቅጽ ብቻ ቢቈጥር፤ ከአንባቢዎቹ ያላለቀ ክርክር ግማሹን ይስታል ብለን እናምናለን።