ሄጎ፦ ደንብም መዝገብም ያልነበረው የወጣት ክንፍ

ሄጎ ማን ነበር? አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በቀድሞው የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት በአቶ አብዲ መሐመድ ዑመር (በብዙዎች አጠራር አብዲ ኢሌ) የሥልጣን ዘመን ማብቂያ ላይ በጅግጅጋ ስሙ የገነነ፣ ለፕሬዚዳንቱ ታማኝ የሆነ፣ መደበኛ ያልሆነ የወጣቶች ስብስብ። ረጅሙ መልስ ግን ወደ ፓርቲው፣ ከዚያም ወደ ሕጉ ይወስደናል።

ስሙን መላው አገር የሰማው ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የመከላከያ ሠራዊት በጅግጅጋ ቁልፍ የሆኑ የክልሉን መንግሥት ተቋማት ሲይዝ ከተማዋ ተናጠች። የሶማሌ ተወላጅ ያልሆኑ ነዋሪዎች ሱቅና ቤት ተዘረፈ፣ ባንኮች ተሰበሩ፣ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልለው ሰነበቱ። ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ የሶማሌ ቤተሰቦች እንደነበሩም መዘንጋት አይገባም። ከሁለት ቀን በኋላ አቶ አብዲ ሥልጣን ለቀቁ፤ ነሐሴ 21 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተያዙ። ዐቃቤ ሕግ በጥር 2011 ዓ.ም. በእርሳቸውና በሌሎች 46 ሰዎች ላይ በመሠረተው ክስ 58 ሰዎች መሞታቸውን፣ 266 መቁሰላቸውን ገልጾ ነበር። በክሱ ውስጥ ከልዩ ፖሊስ ጎን ለጎን የተጠራው ሄጎ ነው።

ነገሩ በአንድ ቅዳሜ አልተጀመረም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ኦብነግ አቦሌ በሚገኘው የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ባደረሰው ጥቃት 74 ሰዎች ሲገደሉ (ዘጠኙ ቻይናውያን ነበሩ)፣ ክልሉ በጦርነት ሕግ መተዳደር ጀመረ ማለት ይቻላል። ልዩ ፖሊስ የተወለደው ያኔ ነው። የዚያን ጊዜው የክልሉ የፀጥታ ኃላፊ አቶ አብዲ በ2002 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የፖሊስ ኃይል እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ በፖሊስ ስም የግል ሠራዊት የሚመስል ነገር እንዲያቋቁሙ ግን አይልም። እስር ቤቱም ነበር፤ «ጄል ኦጋዴን» ምን ይመስል እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው ሪፖርት በዝርዝር አስፍሮታል።

ፓርቲውስ? የኢትዮጵያ ሶማሌ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በ1990 ዓ.ም. ተቋቁሞ ክልሉን ቢገዛም የኢሕአዴግ አባል አልነበረም፤ «አጋር ድርጅት» ነበር። ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። በ1997ቱ ምርጫ የደነገጠው ግንባር ፊቱን ወደ ወጣቱ ሲያዞር የወጣት ሊጉን የዘረጋው በአራቱ አባል ድርጅቶች ነው። ሊግ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ጉባዔና ተጠሪ አለው። አባላቱ ለብድርና ለሥራ ሲሉ ገቡ ብለን ብንተቻቸውም፣ ማን እንዳዘዛቸው የሚያሳይ ቃለ ጉባዔ ይኖራል። አጋር ድርጅት በሚገዛበት ክልል ግን ፓርቲው ራሱ ለአንድ ሰው ያደረ ስለነበር ወጣቱም የተሰለፈው ለፓርቲው መሆኑ ቀርቶ ለሰውየው ሆነ። በጅግጅጋ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ ከዚያ የተረፈው በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ዕቃ፣ ጫትና ንግድ ነው። የእነዚህ ሁሉ በር ቁልፍ በአንድ ቢሮ ከተያዘ፣ ሥራ የሌለው የ20 ዓመት ወጣት ወዴት ይሄዳል?

ሕጉ በጊዜው ለወጣት ማኅበራት ቦታ ነበረው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 (በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተሽሯል) የወጣት ማኅበራትን «ብዙኃን ማኅበራት» ብሎ በምርጫና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዲሳተፉ ሲፈቅድ፣ ለሌሎች በሩን ጠበብ አድርጎ ነበር። እኛ የሕግ ሰዎች ያን አዋጅ ስንነቅፍ የኖርነው ስለሚያግደው ነገር ነው። ሄጎ ያሳየን ሌላውን ወገን ነው፦ ገዢው ከፈለገ ምዝገባም አያስፈልግም።

በዓለም ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የደርግ አኢወማ በአዋጅና በመዋቅር የሚሠራ ነበር። የማላዊው ባንዳ «ያንግ ፓዮኒርስ» የተባለውን የወጣት ክንፋቸውን ሕግ አውጥተው አስታጠቁት፤ በታኅሣሥ 1993 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ ጦር ራሱ ትጥቁን አስፈታው። የቡሩንዲው ኢምቦኔራኩሬም የገዢው ፓርቲ የወጣት ክንፍ መሆኑ አይካድም። እነዚህ ሁሉ ክፉ ሥራ ሠርተዋል፤ ግን አድራሻ አላቸው።

አድራሻ ማጣት በችሎት ፊት ምን ያመጣል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት በወንጀል እንዲጠየቅ ያደርጋል፤ የመንግሥት የአስተዳደር አካላትን ግን ከዚህ ያወጣል። ሄጎ የሕግ ሰውነት ስለሌለው በአንቀጽ 34 አይያዝም፤ የክልሉ መንግሥትም አይያዝም። የሚቀረው አንቀጽ 32 ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቶ ድርጊቱን ወይም ትእዛዙን ማስረዳት። በጽሑፍ ያልተሰጠን ትእዛዝ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

«የሶማሌ ወጣት» ብሎ በጅምላ መፈረጅም ስህተት ነው። በዚያው በ2010 ዓ.ም. በሰሜን፣ በቀድሞው ሽኒሌ በአሁኑ ሲቲ ዞን ከተሞች፣ አቶ አብዲን በመቃወም አደባባይ የወጡት ወጣቶች ናቸው። የክልሉ ሽማግሌዎችና ተቃዋሚዎችም ድሬዳዋ ላይ መክረዋል። ዕድሜያቸውም ቋንቋቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከቤተ መንግሥቱ ያላቸው ርቀት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ፓርቲው በ2012 ዓ.ም. በብልጽግና ውስጥ ሟሟ፤ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ በ2015 ዓ.ም. ተወሰነ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር በአቶ አብዲ ላይ የነበረውን ክስ አንስቶ ተለቀቁ። ክስ የማንሳት ሥልጣን በአዋጅ 943/2008 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥቶ ወደ ሚኒስቴሩ የተሻገረ ስለሆነ በቅርጹ ሕጋዊ ነው። ውጤቱ ግን ማን ሄጎን አሰማራው ለሚለው ጥያቄ በአቶ አብዲ መዝገብ ላይ ፍርድ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው።

ክስ ተነሣ ማለት የተጎጂው የካሳ መብት ቀረ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ለካሳ ጥያቄ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ግን የሚጸናው ረጅሙ ነው። ቁጥር 2126 ደግሞ ባለሥልጣን በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን እንዲጠይቅ መንገድ ይከፍታል። ሱቁ የተቃጠለበት የጅግጅጋ ነጋዴ በዚህ መንገድ ሊሄድ ከፈለገ፣ ከክርክሩ ሁሉ በፊት የሚገጥመው ሥራ ያቃጠሉት ልጆች በመንግሥት ትእዛዝ እንደመጡ ማስረዳት ነው።