የእማዬ ስልክ እና የኤልያስ ስሜ ገመድ

ባለፈው ዓመት አንድ ቁጥር ቀየርኩ። የምንሠራው የሞባይል መተግበሪያ ከስንተኛው የአንድሮይድ ስሪት ጀምሮ ይጫናል የሚለውን ቁጥር ከፍ አደረግኩት። ኮዱ ቀለለልኝ፣ ደስ አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ሸጎሌ ቤት ስገባ እማዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ይሄ ያንተ ነገር አድሺው ይለኛል፤ ላድሰው ስል ደግሞ ስልክሽ አይችልም ይለኛል። ተበላሽቶ ነው?»

ስልኩ ደህና ነው። ቆሻሻ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በአንድ መስመር።

ኤልያስ ስሜን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ነው። መጀመሪያ በክር፣ በቁልፍና በቆርኪ ይሠራ ነበር። በኋላ ወደ እኛ ዕቃ መጣ፦ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ማሳ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ የማን እንደነበረ የማይታወቅ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ነው። ለእነዚህ ሥራዎች የሰጣቸው ስም «ታይትሮፕ» ነው፤ የሰርከስ ሰው የሚሄድበት የተወጠረ ገመድ ማለት ነው።

ዕቃውን በብዛት የሚያገኘው መርካቶ ነው። ይሄ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ሪሳይክል የሚለውን ቃል ከመስማቷ በፊት ቆራሌው ነበር፣ ልዋጭ ነበር፣ ምናለሽ ተራ ነበር። የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፤ በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ማዘርቦርድን ግን ቀጥቅጠህ ምን ታደርገዋለህ? የሰፈራችን ጥበብ እዚህ ጋ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡ እንኳ አይሞላም። ኤልያስ የሚሠራው ቆራሌው በቆመበት ቦታ ላይ ነው።

ሌላውን ግማሽ ያየሁት መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ነው። ኤልያስና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ የዞማን ማዕከል በ2002 መሠረቱ፤ ሙዚየሙ በ2019 ተከፈተ። ሁለቱ የአገራችንን የጥንት አሠራር ከየአካባቢው እየዞሩ አጥንተው በጭቃና በጭድ ገነቡት። ግድግዳውን በእጄ ስነካው ትዝ ያለኝ የልጅነት ቤታችን ነው። ክረምት ያልፋል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ እማዬ ጭቃ ታስረግጥና ምርጊቱ ይታደሳል። ቤቱ አረጀ ብሎ ያፈረሰው ሰው አልነበረም።

እኛ ለዚህ ሥራ «ሜንቴናንስ» የሚል ስም አለን፤ ማንም አይወደውም። አዲስ ነገር መሥራት ያስጨበጭባል፣ ምርጊት ግን አያስጨበጭብም። ኢንጂነሪንግ ስማር ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እማዬ በየዓመቱ ስታደርገው የኖረችውን ለእሷው ስልክ ማድረግ የከበደኝ እኔን ነው።

ቁጥሩን መለስኩት። የድሮዎቹን ስልኮች ችግር ማስተካከል አራት ቀን ፈጀ፣ አለቃዬም አልተደሰተም። ለዘላለም አይደለም፤ አንድ ቀን ያ ስልክ መሞቱ አይቀርም። ለጊዜው ግን ይሠራል።

«ተስተካከለ እንዴ?» አለችኝ እማዬ።

«አዎ፣» አልኳት፣ «የኔ ጥፋት ነበር።»