ሂሳቡ ለማን ይቀርባል? የኩባንያዎች ዓመታዊ ግዴታ ታሪክ



በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያሉ ኩባንያዎች የዓመቱን ሂሳባቸውን ዘግተው ግብራቸውን ያስታውቃሉ፤ የንግድ ፈቃዳቸውን ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 30 ያድሳሉ። ብዙዎቻችን ይህን ግዴታ የግብር ጉዳይ ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን። የሕጉ ታሪክ ግን ከዚህ የሰፋ ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሂሳብን ከዕቁቡ ያውቀዋል። ዳኛና ጸሐፊ ባሉበት፣ አባላቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ገንዘቡ ይቆጠራል። ኩባንያ ግን የማይተዋወቁ ሰዎችን ገንዘብ ያሰባስባል፤ ስለዚህ መተያየቱን የሚተካ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በ1925 ዓ.ም. የኩባንያዎች ሕግ ወጣ። ከዚያም ዣን ኤስካራ ማርቀቅ የጀመሩት፣ እርሳቸው ሲሞቱም አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ተከተለ። ይህ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር የሂሳብ ዓመቱ በተፈጸመ በ4 ወር ውስጥ መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያደርግ፣ ሂሳቡም በኦዲተር እንዲመረመር አዘዘ። እንግዲህ ሂሳቡ የሚቀርበው አስቀድሞ ለባለ አክሲዮኑ ነበር ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ ኩባንያዎችን ሲወርስ የንግድ ሕጉን አልሻረውም። ይሁን እንጂ መንግሥት ባለቤትም ተቆጣጣሪም ሆነ፤ በተወረሱት ድርጅቶች ውስጥ ሂሳብ የሚጠይቅ ባለ አክሲዮን አልቀረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ባለ ሀብት ሲመለስ ሕጉ አብሮ ነቃ። ሂሳብን ለመንግሥት ብቻ የማቅረብ ልማድ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዛሬም አልለቀቀንም።

አዋጅ ቁጥር 847 የፋይናንስ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲዘጋጅ ደነገገ፤ ይህንንም የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ የ1952ቱን ሕግ በአብዛኛው ተክቶ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ጉባኤ የሚቀመጥ ሌላ አባል በሌለበት ማኅበር ውስጥ፣ ለአበዳሪውና ለሠራተኛው የሚቀረው መተማመኛ በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው።

የማደሻ ጊዜው ያለፈው ነጋዴ ቅጣቱን ከፍሎ ፈቃዱን ሊያድስ ይችላል። ጉባኤ ሳይጠራና ሂሳብ ሳይነበብ ያለፈ ዓመት ግን የሚያጎድለው እምነትን ነው፤ እርሱም በቅጣት ገንዘብ አይተካም።