ስም ያልነበረው በደል፤ ከጎንደር ጓዳ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ

ጓደኛችን ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ የግል መሥሪያ ቤት የተቀጠረች ዕለት ቢሮውን አስጎበኟት። የሰዓት መፈረሚያው እዚህ ነው፤ የእሳት ማጥፊያው እዚያ ነው፤ ደመወዝ በዚህ ቀን ነው ተባለች። በሁለተኛው ወር የቅርብ አለቃዋ ማታ ማታ መደወል ጀመረ። “የሙከራ ጊዜሽን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ አይደል?” አላት እየሳቀ። ከዚያ ደግሞ እሷ ስትገባ የቢሮውን በር መዝጋት መጣ።

እኛ ዘንድ የመጣችው ወር ካለፈ በኋላ ነው። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ይኼ ለማን ነው የሚነገረው?”

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረናል። ስለ ሕዝብ የማወቅ መብት ስንሰማ ነው የኖርነው። መልሱን ግን አናውቅም ነበር። እናም አፍረን አዋጆችን ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ።

“የማን ልጅ ናት?”

ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቆረቆሯት ጀምሮ በሴቶች ጉልበት በልታ የኖረች ከተማ ናት። ግንቡን ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ሁሉ የሚረሳው ነገር አለ፤ እዚያ ውስጥ የተበላው እንጀራ በሴት እጅ የተፈጨ፣ የተጠጣውም ጠጅ በሴት እጅ የተጣለ ነው።

ታዲያ ያቺ ፈጪ ወይም ጠጅ ጣይ የሚያሠራት ሰው ቢደርስባት ነገሩ ምን ይባላል? “ደፈራት”፣ “ነካት”፣ “አበላሻት”። ቃላቱን ልብ በሉልን። ሁሉም ስለ ክብር ናቸው፤ ክብሩም ብዙ ጊዜ የአባቷ፣ የወንድሟ ወይም የባሏ ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚጠየቀው “የማን ልጅ ናት?” ነው እንጂ “እንጀራዋ በማን እጅ ነው?” አይደለም። ዘመድ ያላት ካሣ ታገኝ ይሆናል። ከሩቅ አገር መጥታ በሰው ቤት የምታድረውስ? ዝም ነው።

ደመወዝ የሚባል ነገር መጣ

ደንቢያን ክፉኛ ከመታው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በቡድን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የቡድኑ መሪ የጤና መኮንኑ ነው። ነርሶቹ ሴቶች ናቸው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። መሪዎቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ እያልን አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ከዘመድ ርቃ ደመወዟ፣ ዝውውሯና የሥራ ምዘናዋ ዘመዷ ባልሆነ አለቃ እጅ የሚገባበት አዲስ ዓይነት ኑሮ መጣ። “የማን ልጅ ናት?” የሚለው ጥያቄ ለዚህ ኑሮ አይበቃም። ሌላ ሕግ፣ ሌላ ቃል ያስፈልግ ነበር።

ቃሉ ግን ዘገየ። የ1968ቱን የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64፣ የ1985ቱን አዋጅ ቁጥር 42፣ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ብታገላብጡ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዓመት ፈቃድ፣ ስለ ወሊድ ፈቃድ ታገኛላችሁ። ስለዚህ በደል ግን በስሙ የተጻፈ ነገር አታገኙም። ሦስት አዋጅ፣ ሁለት መንግሥት፣ አንድ ዝምታ!

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 ወደ ነገሩ ቀረብ ብሏል። በአሠሪነቱ፣ በአስተማሪነቱ ወይም በመሰል ሥልጣኑ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ወይም ሌላ የነውር ድርጊት ያደረገ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል ይላል፤ ያውም የግል አቤቱታ ከቀረበ ነው። ሰውየው ያሰበውን እስኪያገኝ ድረስ የሚናገረውን፣ የሚደውለውን፣ በር የሚዘጋውን ይህ አንቀጽ አይነካውም።

“ትንኮሳ” ከድንበር ወደ ቢሮ

ትንኮሳ የሚለውን ቃል ልጅ ሆነን በሬዲዮ የምንሰማው ከድንበር ጋር ነበር። ጠላት ተነኮሰ፣ ወታደር መለሰ። ቃሉ ወደ ቢሮ የገባው ቀስ ብሎ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። የ1999ኙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 በሥራ ቦታ የጾታ ጥቃት መፈጸምን ከባድ ቅጣት ከሚያስከትሉ የዲሲፕሊን ጥፋቶች አንዱ አደረገው። የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ዘርዘር አደረገው፤ ያለ ፈቃድ መሳም፣ መጎንተል፣ መንገድ መዝጋት፣ ቅጥርን ወይም ዕድገትን ወይም ዝውውርን በወሲብ መደራደር።

ለግል ድርጅት ሠራተኛ ቃሉ የመጣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በንግግርም ሆነ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ያለ ፈቃድ ለወሲብ መገፋፋት “ወሲባዊ ትንኮሳ” ተባለ፤ ኃይል ከታከለበት ወይም ኃይል ለመጠቀም ከተሞከረ “ወሲባዊ ጥቃት”። ለአሠሪም ለሠራተኛም የተከለከለ ሆነ። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተነኮሰች ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪም የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ ይታሰብላታል።

ደስ አይልም? እኛም ደስ ብሎን ነበር… ወደ አንቀጽ 33 እስክንደርስ ድረስ። በዚህ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል! ጓደኛችን እኛ ዘንድ ስትመጣ አለቃዋ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ከተዛወረ ወር አልፎት ነበር። እኛ አንቀጹን ስናገኝ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። መብቱ ነበራት። መኖሩን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ማሽኑን ተጠንቀቂ

አሜሪካም ቢሆን ለበደሉ ስም የተሰጠው ከረጅም ዝምታ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ዛሬ የሚጠሩበትን ስም ይዘው አደባባይ የወጡት በ1975 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ በዚሁ ምክንያት ሥራዋን ለቅቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥልጠና ላይ ደረሰ። ሜይን የተባለው ክፍለ ግዛት በ1991 እ.ኤ.አ. 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አዲስ ሠራተኛውን ስለዚህ ጉዳይ እንዲያሠለጥን በሕግ አስገደደ። ካሊፎርኒያ በ2004 እ.ኤ.አ. 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ለአለቆቻቸው በየሁለት ዓመቱ የሁለት ሰዓት ሥልጠና እንዲሰጡ አዘዘች፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግዴታውን 5 ሠራተኛ እስካለው ድርጅት ድረስ አወረደችው።

ሥልጠና መድኃኒት ነው ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። የአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ያቋቋመው ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኛው ሥልጠና ድርጅቱን ከክስ ለማዳን የተሰናዳ ስለነበር ድርጊቱን በመከላከል በኩል ብዙ እንዳልሠራ አምኗል። ፈርሞ መውጣት ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም።

የእኛን አዋጅ ግን እንየው። አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው ለሠራተኛው ተገቢውን መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መጋዝ ላይ የምትሠራ ሴት ጣቷን እንዳትቆረጥ ሊነገራት ግድ ነው። የአለቃዋ እጅ ወደ እሷ ሲመጣ ምን ማድረግ እንደምትችል እንዲነገራት ግን አዋጁ በግልጽ አላዘዘም። ትንኮሳን ከልክሏል፤ ክልከላውን ማን ያስተምር የሚለውን ትቶታል። የ15 ቀኗ ሰዓት የሚቆጥረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጓዳው ነው። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ እየመጡ ጎንደር ውስጥ በሰው ቤት የሚቀጠሩትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የ1996ቱም የ2011ዱም አዋጅ “በደንብ ይወሰናል” ብለው አልፈውታል። ለእሷ የቀረላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2601 ነው፤ አብራው የምትኖር ሠራተኛን ጤናና ሞራል አሠሪው እንዲጠብቅ ያዛል። ስልሳ ዓመት ያለፈው አንድ አንቀጽ፣ ያውም ጠባቂው ራሱ አሠሪው!

እኛ የምንለው ብዙ አይደለም። የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ በሚነገርበት በመጀመሪያው ቀን፣ ይህም ይነገር። ትንኮሳ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚነገር፣ ስንት ቀን እንዳለ። አለቃውም እዚያው ተቀምጦ ይስማ።

ጓደኛችን በመጨረሻ ለቅቃ ሄደች። አለቃዋ ቢዛወርም የጻፈው ሪፖርት እዚያው ነበርና። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ያረቀቅነው አብረን ነው። ሌላ ሥራ እንዳታጣ ፈርታ “በግል ምክንያት” ብላ ፈረመች። ከ50 ዓመት በኋላ የዚያን መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ታሪክ ጸሐፊ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ስንቱ “በግል ምክንያት” በየመዝገብ ቤቱ እንደተቀመጠ እናንተው አስቡት።

ቸር እንሰንብት።