ክንፍ ያለው ነዳጅ ማደያ

አስመራን የረገጠ ሰው ይህን ቤት ሳያነሳ አያልፍም። ፊያት ታልዬሮ ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ የነዳጅ ማደያ ነው። መሃሉ ላይ ግንብ፣ ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር የሚረዝሙ የኮንክሪት ክንፎች። ከክንፎቹ ሥር አንድም ምሰሶ የለም።

የነደፈው ጁሴፔ ፔታዚ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሹማምንቱ "ያለ ምሰሶ ይወድቃል" ብለው ስላስቸገሩት ጊዜያዊ ድጋፍ አቆመ፤ በመጨረሻ ሽጉጥ መዝዞ "አንሱት!" አለ ተብሎ ይተረካል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ክንፎቹ እስከ ዛሬ አልወደቁም።

ግን ለምን አውሮፕላን? የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊውቱሪስቶች ፍጥነትንና ማሽንን ያመልኩ ነበር። ለእኛ ግን የጣሊያን አውሮፕላን ሌላ ትርጉም አለው። ይህ ቤት ከማለቁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከኤርትራ ተነስቶ መረብን የተሻገረው ጦር በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ያዘንብ ነበር። ስለዚህ ማደያው ለእኔ ቤንዚን መሸጫ ብቻ አይደለም፤ የኮንክሪት ፉከራም ነበር።

ፉከራው የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1941 እንግሊዞች አስመራ ገቡ። ከዚያ ፌዴሬሽን፣ ከዚያ የንጉሡ ዘመን፣ ከዚያ ደርግና ረጅሙ ጦርነት፣ በመጨረሻም ነፃነት መጣ። ባንዲራው በተቀየረ ቁጥር ቤቱ እዚያው ቆሞ ጠበቀ። በ2003 ታደሰ። በ2017 ዩኔስኮ አስመራን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ይኸው ማደያ ነበር። ዛሬ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ታንከር ሊሞላ ሳይሆን ፎቶ ሊነሳ ነው።

ልብ በሉ! በገዛ ከተማው እንደ ሁለተኛ ዜጋ ይቆጠር የነበረው ሕዝብ፣ የገዢውን ፉከራ ወርሶ የራሱ ኩራት አደረገው። ቅኝ ገዢውን ይቅር ስላለ አይደለም። ግንቡን ያቆመው የአገሬው ሰው ጉልበት ነው፤ በሥሩ ሲያልፍ የኖረውም እሱ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲነሱ "የጣሊያን ቆርቆሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ገጥሞኛል። ቤት የሠሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ትክክል ነበር። ግን ቤት የኖረበትም ነው። ካፈረሱት በኋላ ደግሞ ሌላ ትርጉም ሊሰጡት አይቻልም።